የጊፋታ ተረኛ

መስከረም 5

ዛሬ ሠላሳ አንድ ናሙና። አሥራ አራቱ ከሁምቦ ጤና ጣቢያ በሞተር ሳይክል የመጡ። ወባው አሁንም አልለቀቃቸውም። ከሻንቶ ጣቢያ የመጣ አንድ ብልቃጥ ላይ ስም አልተጻፈበትም። መለስኩት። ረዳቴ አብርሃም "ጋሼ፣ ደውለን ብንጠይቅስ?" አለኝ። ስም የሌለውን ደም አልመረምርም አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በ"እሺ" እና በ"አቤት" ብቻ ነው ያወራኝ።

እዚህ ሶዶ፣ የካቶሊክ ሚሲዮኑ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ሞላኝ። የሦስቱም ጣቢያዎች ደም፣ የሻንቶም የአረካም የሁምቦም፣ እኔ ላብራቶሪ ነው የሚመጣው። የማን ስኳር ከፍ እንዳለ አውቃለሁ። ሰውየው መንገድ ላይ ቢገጥመኝ ግን አላውቀውም። እሱም አያውቀኝም።

ሽሮ በላሁ። ተኛሁ።

መስከረም 8

የበዓል ተረኞች ዝርዝር ሊወጣ ነው። ሁሉም ለጊፋታ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። የወላይታ ሰው ለዘመን መለወጫው ቤቱ ካልተገኘ ምን ሰው ነው? ሲስተር የማርያምወርቅ ቢሮ አስጠሩኝ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ናቸው፤ መነኩሲት፤ ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም።

"አንተስ ዘንድሮ አገርህ አትሄድም?"

"እኔ ልሸፍን፣ ሲስተር። ማን ይጠብቀኛል?"

ቀና ብለው አዩኝ። ስሜን ጻፉ። ከአሥራ አራት እስከ ሃያ፣ ላብራቶሪ፣ ይድነቃቸው ወልደመስቀል። ብቻዬን።

ማን ይጠብቀኛል... ደብረ ብርሃን አባቴ አሉ። መሪጌታ ወልደመስቀል። እዚህ ልቀጠር ነው ብዬ የነገርኳቸው ቀን፣ "ለካቶሊክ አድረህ እቤቴ እንዳትመጣ" አሉኝ። እኔም "እሺ" ብዬ ወጣሁ። አለቀ። እሳቸው ግትር፣ እኔ የእሳቸው ልጅ።

እዚህ ግን ሃይማኖትህን ቀይር ያለኝ አንድም ሰው የለም። እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ ወጥ ቤቱ ለእኔ የጾም እንዲያስቀር ያዘዙት ሲስተር ናቸው። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ይህን ለአባቴ ነግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

መስከረም 9

ነሐሴ ላይ መናኸሪያ ስልኬን ከተሰረቅሁ ወዲህ አዲስ ቁጥር ነው የያዝኩት። ለእህቴ ለንግሥቲ አልሰጠኋትም። አባባን የምታስታምመው እሷ ናት። የእሷ ቁጥር በቃሌ አለ... ከመደወል ማንም አልከለከለኝም። የሆስፒታሉን ስም ታውቃለች፤ ከፈለጉኝ ይፈልጉኝ ብዬ ተውኩት።

የአርባ አንድ ዓመት ሰው እንዲህ ያኮርፋል?

መስከረም 14

ግቢው ተራገፈ። አብርሃም ለእናቱ ስኳርና ነጠላ ገዝቶ ወደ አረካ ሄደ። ኩርፊያውን ትቶታል። "ዮዮ ጊፋታ፣ ጋሼ! እናቴ 'ያን ብቻውን ያለውን ሰውዬ ይዘህ ና' ብሏል" አለኝ። በእሱ አማርኛ እናትም "እሱ" ናት። ተረኛ ነኝ አልኩት። ውሸት አይደለም። ግን ተረኛ ባልሆንም አልሄድም ነበር። ሰው ቤት ገብቶ በማያውቁት ቋንቋ ሲስቁ አብሮ መሳቅ ይደክመኛል።

መስከረም 16

ደመራ። እንግዳ ቀን።

ከሰዓት በኋላ የካርድ ክፍሏ ጽጌሬዳ ላብራቶሪው በር ላይ መጥታ ቆመች። የሆስፒታሉን ስልክ የምታነሳውም እሷ ናት። "ምን ፈለግሽ?" ስላት "ምንም" ብላ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ትንሽ ቆይቼ መዝገብ ላስፈርም ሲስተር ጋ ስገባ ሁለቱ ተቀምጠዋል። እንዳዩኝ ወሬ አቆሙ። ሲስተር ፈረሙልኝና፣

"ምሳ በልተሃል?" አሉኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ ብላ አትብላ ብለውኝ አያውቁም። ምን አጠፋሁ? ያቺ የሻንቶዋ ብልቃጥ ትሆን? የታማሚው ቤተሰብ ከሶ ይሆን?

መስከረም 17

መስቀል። ምግብ ከሲስተሮቹ ቤት በሳህን ተከድኖ መጣልኝ። ዳታውም፣ ያ የሚፋጀው የቃሪያ ማባያ፣ አብሮ። ዘበኛው ጋሽ ማሞ ደግሞ ወንበራቸውን ከዋናው በር አንስተው የእኔ ክፍል ደጃፍ ላይ አደረጉት።

"ጋሽ ማሞ፣ በሩን ለማን ተዉት?"

"ዛሬ ተራዬ እዚህ ነው፣ ዶክተር።"

ላብራቶሪ የሚሠራ ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው። ሌላ ቀን እስቅ ነበር። ዛሬ ግን የሚጠብቁኝ መሰለኝ። እቃ ይዤ እንዳልወጣ?

በዓል ነው ብዬ ራሴን አሸነፍኩና ንግሥቲ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ሞከርኩ። ዝግ። ይሁን።

መስከረም 18

እሑድ። ጊፋታ። ከተማው ሲጨፍር ድምፁ እስከዚህ ይሰማል። ከሁምቦ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት መጣች። ደም አገጣጥሜ ሁለት ከረጢት ሰጠሁ። ስትተርፍ ሐኪሙ እጁን አውለበለበልኝ። ደስ አለኝ። ግን የምነግረው ሰው የለም። ጽጌሬዳ እንኳን ኮሪደር ላይ ስታየኝ ተጠማዝዛ ሄደች።

ሊያባርሩኝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እያሰብኩ ዋልኩና አንድ ነገር ቆረጥኩ። ቢያባርሩኝም ባያባርሩኝም ተረኝነቴን ጨርሼ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። አባባ ደጃፍ እቆማለሁ። አትግባ ቢሉኝም እገባለሁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው... እስከ መቼ?

መስከረም 19

አብርሃም ፈቃዱ ሳያልቅ ተመለሰ። ዓይኔን አላየኝም። ከሰዓት በኋላ ከሻንቶና ከሁምቦ ጣቢያ ያሉትም መጡ። ሁሉም አዳራሽ ገቡ። እኔን የጠራኝ የለም።

ሲስተርን በረንዳ ላይ ጠብቄ፣ "ከነገ ወዲያ አባቴን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፣ ፈቃድ ይስጡኝ" አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። "ነገ እንነጋገራለን፣ ልጄ" ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ልጄ! ሰው ሲያሰናብቱ ልጄ ይላሉ?

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ለነገሩ ብዙም ልብስ የለኝም።

መስከረም 22፣ ደብረ ብርሃን

ሁለት ቀን መጻፍ አልቻልኩም። እንዳልረሳው በተራ ልጻፈው።

ሃያ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ አብርሃም፣ ከሦስቱም ጣቢያ የመጣ ሰው ሁሉ። እኔን ለማባረር ይህ ሁሉ ሰው? ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። ጋሽ ማሞ ከኋላዬ መጥተው ወገቤን ያዙኝ። ያኔ ገባኝ።

"ይድነቃቸው" አሉ ሲስተር፣ "አባትህ አርፈዋል።"

ጮህኩ። መሬት ላይ ልወድቅ ስል ጋሽ ማሞ አልለቀቁኝም። ሁሉም አብሮኝ አለቀሰ። አብርሃም እንደ ገዛ አባቱ ነው ያለቀሰልኝ። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "መቼ?" አልኩ።

"ዓርብ" አለች ጽጌሬዳ።

"ማን ነገረሽ?"

"እህትህ ደወለች። 'አባባ በጣም ታመዋል፣ ቶሎ ይምጣ በሉት' አለችኝ። በበዓል፣ ሰው በሌለበት፣ ብቻህን እንዴት እንንገርህ? ሰው እስኪሰበሰብ ብለን ነው።"

"ታመዋል ነው ወይስ አርፈዋል ነው ያለችው?"

"ታመዋል... ግን እንዲያ ነው እኮ የሚባለው።"

አዎ፣ እንዲያ ነው የሚባለው። ማን በስልክ ሞቱ ይላል? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሰማው። ቢሆንም ንግሥቲ የደወለችበትን ቁጥር ከጽጌሬዳ ስልክ ላይ ደወልኩ። የጎረቤት ስልክ ነው፤ የእሷ ከተበላሸ ሳምንት ሆኖታል። ጎረቤቷ ሮጣ ጠራችልኝ።

"ይድኔ! የት ነህ አንተ? አባባ እኮ እየጠበቁህ ነው!"

"አሉ?"

"አሉ። ደክመዋል እንጂ አሉ። ቅዳሜም ደውዬ ነበር፤ 'እንነግረዋለን፣ አይዞሽ' አሉኝ።"

አሉ! አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ አንዷ እልል አለች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሲያለቅሱ የነበሩት ያቅፉኝ ጀመር። ሲስተር ግን እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። አራት ቀን። በሕይወት እያሉ ቀበርናቸው እኮ።

አንድ ሰዓት ላይ በሆስፒታሉ መኪና ወጣን። ሲስተርም አብረውኝ። መንገድ ሙሉ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ምን እንደምላቸው ነው የማስበው። አባባ፣ ይኸው ማተቤ። አባባ፣ ማንም አልነካብኝም። ቡታጅራ ላይ ሻይ ጠጡ ቢሉን እንቢ አልኩ። አዲስ አበባ መንገዱ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን።

ደብረ ብርሃን የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ድንኳን ሲተክሉ ደረስኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያረፉት። በሦስት ሰዓት ቀደሙኝ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሞቱብኝ።

መስከረም 23

ንግሥቲን፣ አባባ ምን አሉ? ብዬ ጠየቅኳት። መዋሸት አትችልም፤ ነገረችኝ።

"ቅዳሜ 'ያ ልጅ መጣ?' አሉኝ። እየመጣ ነው አልኳቸው። እሑድም ጠየቁኝ። ሰኞ 'ማተቡን አስሯል?' አሉኝ። አዎ አልኳቸው።"

"አላየሽኝም እኮ።"

"አላየሁህም። ግን ምን ልበላቸው?"

የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ አሳየኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሲስተር የማርያምወርቅ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው "የየትኛው ገዳም ናቸው?" ይላል። ንግሥቲ "የወንድሜ አለቃ ናቸው" ትላለች። ሊሄዱ ሲሉ እጄን ያዙኝና ይቅርታ ጠየቁኝ። እስከ መኪናው ልሸኛቸው አሰብኩ። አልቻልኩም።

ጥቅምት 4

ተመለስኩ። ሶዶ። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፤ ሻንጣዬም እንዳሰርኩት በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁሉም "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለኛል። አሜን እላለሁ። ጽጌሬዳን ሰላም አልላትም። ካርድ ክፍል የሚያስኬድ ጉዳይ ሲኖረኝ አብርሃምን እልካለሁ።

ሰው በደግነቱ ሲጎዳህ ምን ታደርገዋለህ? ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።

ጥቅምት 9

ናሙና ሃያ ሁለት። ከማንም ጋር አላወራሁም።

ጥቅምት 15

ሲስተር ላብራቶሪ መጡ። አብርሃም ወጣልን። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣

"ሠላሳ ዓመት መርዶ ተናግሬያለሁ" አሉኝ። "ቀስ ብዬ፣ ሰው ሰብስቤ። በዚህ እመካ ነበር። አንድም ቀን መልሼ ደውዬ 'በሕይወት አሉ ወይ?' ብዬ ጠይቄ አላውቅም።"

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

"ስልክ ቁጥሬን አልሰጠኋቸውም ነበር፣ ሲስተር። ቢኖራቸው ለእኔ ነበር የሚደውሉት። ሆን ብዬ ነው ያልሰጠሁት። ላስቸግራቸው ብዬ።"

አልመከሩኝም። ስለ ይቅርታም አልሰበኩኝም። ማይክሮስኮፑን ሳይ እዚያው ተቀምጠው ቆዩ። አንድ ሰዓት ያህል። ሲሄዱ ክፍሉ ሰፋብኝ።

ጥቅምት 17

ጽጌሬዳን ሰላም አልኳት። የያዘችው ካርድ ሁሉ ከእጇ ተበተነ። ጎንበስ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ። "በጣም ታመዋል ስትለኝ... እኔ እኮ..." ብላ ጀመረች። "አውቃለሁ" አልኳት።

ጥቅምት 29

የአባባ አርባ። እዚሁ ሶዶ፣ በእኛው በኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደረግሁ። ደብረ ብርሃን ንግሥቲ ደገሰች። ብቻዬን ልቆም ነበር የሄድኩት። ስወጣ ጋሽ ማሞ፣ ሲስተርና አብርሃም ዛፉ ሥር ቆመዋል። ጋሽ ማሞ ጴንጤ ናቸው፣ ሲስተር ካቶሊክ። አባባ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ይቆጡ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ግን "ቁጭ በሉ እንጂ" ይሉ ነበር።

ኅዳር 11

አብርሃም በዚህ ወር ተራው ሁምቦ ጣቢያ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከድንገተኛ ክፍል አንድ ብልቃጥ መጣ። አስቸኳይ። ሄሞግሎቢኑ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ከሚገባው ሩብ ያህል። ኩላሊቱም የለም ማለት ይቻላል። ስሙን ሳነብ እድሜ ስድሳ አንድ፣ አረካ... የአብርሃም እናት ናቸው። ያን ብቻውን ያለውን ሰውዬ ይዘህ ና ያሉት።

ደግሜ መረመርኩ። ያው ነው።

ካርድ ክፍል ሮጥኩ። ቤተሰቡ ለአብርሃም አልነገሩትም። "ሥራ ላይ ነው፣ ይደነግጣል፣ ማታ ሲመጣ..." ብለዋል። ጽጌሬዳም "ዛሬ ይደርና ነገ ሰው..." አለችና ራሷ አቆመች። ተያየን። ሲስተር ከቢሯቸው ወጥተው የመኪናውን ቁልፍ መስኮቱ ላይ አኖሩት።

ሾፌሩን ይዤ ሁምቦ ወረድኩ። ሙቀቱ ያፍናል። አብርሃም የሕፃን ጣት እየወጋ ነበር። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ በመንገድ እንደተለማመድኩት ነገርኩት።

"እናትህ ታመዋል። ሶዶ እኛ ጋ ተኝተዋል። ከባድ ነው። ግን በሕይወት አሉ።"

ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

"እናቴ ሞተ።"

"አልሞቱም!"

"ጋሼ፣ ሞተ አይደል? ለዚህ ነው አንተ የመጣኸው። መኪና ይዞ የሚመጣ ሌላ ለምንድነው?"

እንዴት ያምነኛል? እኔን ሲነግሩኝ እሱም እዚያ ቆሞ ነበር። ምን ቃል ብጠቀም ሞት ነው የሚሰማው። ለጽጌሬዳ ደወልኩና ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አድርጊው አልኳት። ስትሮጥ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ መጣ። በወላይትኛ። የገባኝ ስሙን መጥራታቸው ብቻ ነው። ስልኩን ሰጠሁት።

መንገድ ሙሉ ስልኩን ከጆሮው አላነሳውም። ንግግር አልነበረም። የእናቱን ትንፋሽ ነው የሚሰማው።

ኅዳር 12

ደም የሚሰጥ ዘመድ ተፈለገ። ዓይነቱ ልክ ሆኖ የተገኘው የአብርሃም ነው። የእሱን ከእናቱ ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጠብታ በመስታወት ላይ፤ ጠብቄ አየሁ፤ አልተጓጎለም። ልጃቸው ነው፣ እንዴት ይቃወማቸዋል? ትላንት ዓይናቸውን መግለጥ ያቃታቸው ሰው ዛሬ ማታ ሾርባ ጠጡ።

ኅዳር 15

እናቱ ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ አብርሃም ነገረኝና ገባሁ። እጄን ይዘው ብዙ ተናገሩ። አብርሃም ሲተረጉም፣ "'ለጊፋታ ለምን አልመጣም?' ነው የሚለው" አለኝ። ተረኛ ነበርኩ አልኳቸው። ሳቁ። በማላውቀው ቋንቋ ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። አልደከመኝም።

ኅዳር 22

የአብርሃም እናት ትላንት ከሰዓት በኋላ አረፉ። ደሙ አሥር ቀን ሰጣቸው እንጂ ኩላሊቱን አልመለሰውም። ያንን ከመጀመሪያው አውቀው ነበር።

ዛሬ አረካ ቀበርናቸው። ሆስፒታሉ ሁሉ ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከጋሽ ማሞ ጋር ተቀምጬ ዋልኩ። አብርሃም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ዓይኑን እኔ ነኝ የከደንኩት፣ ጋሼ" አለኝ።

ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳበት ሰው የለም። መርዶ ነጋሪ አላስፈለገውም። እዚያው ነበር።

የአባባን ዓይን ማን እንደከደነ ጠይቄ አላውቅም። ፈርቼ ነው። ከድንኳኑ ወጥቼ፣ እንሰቱ ሥር ቆሜ፣ ንግሥቲ ጋ ደወልኩ።

"እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንዱ አልከደን ብሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት።"

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ስለ አባባ አወራን።